የአሸንዳው ቱቦ ተነሥቶ የዝናብ ሰንሰለት ይሰቀል?

ጥያቄ፦ «አያት አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለን። ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን ስፋቱ ወደ 140 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ውሃው በአራቱ ማዕዘን በፕላስቲክ ቱቦ ይወርዳል። ከፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ቱቦዎች ተሰነጣጥቀው ግድግዳውን አበላሽተውታል። በዋናው በር ላይ ደግሞ 12 ካሬ ሜትር ገደማ የምትሆን የበረንዳ ክዳን አለች፤ አሸንዳ ቢኖራትም ቱቦ ስላልተገጠመላት ውሃዋ ደረጃው ላይ ይንጠፈጠፋል። ሲያትል የሚኖረው ወንድሜ ቤቱ ላይ የሰቀለውን የመዳብ ሰንሰለት በፎቶ አሳየኝና በጣም ወደድኩት። አራቱንም ቱቦ አንሥቼ በሰንሰለት መተካት እችላለሁ? ውሃውን ወደ ሮቶ ማስገባትም እፈልጋለሁ፤ ሰንሰለቱ ውሃውን ያጣራል ሲባል ሰምቻለሁ። ግንበኛችን ደግሞ ‹ከመርካቶ የመኪና መጎተቻ ሰንሰለት ገዝተን ብንሰቅል ያው ነው› ይላል። ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ አለብን።»

ምላሽ፦ አራቱንም አያንሱ። ከቤትዎ ለሰንሰለት የምትመቸው አንዲት ቦታ ብቻ ናት፤ እርሷም የበረንዳዋ ክዳን ናት። ከላይኛው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በቱቦ መውረዱን ይቀጥል፤ የተሰነጠቁት ሁለቱም በአዲስ ቱቦ ይተኩ። ፎቶውን አይተው ለተደሰቱ ሰው ይህ መልስ ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ የዝናብ ሰንሰለት ሥራው ምን እንደሆነ እንይ። ከአሸንዳው ቀዳዳ እስከ መሬት የሚንጠለጠል፣ ከተያያዙ ቀለበቶች ወይም ሥራቸው ቀዳዳ ካላቸው ትንንሽ ኩባያዎች የተሠራ ሰንሰለት ነው። ብዙ ሰው «ያማረ ቱቦ» ይመስለዋል፤ አይደለም። ቱቦ ውሃን ከዙሪያው አጥሮ ይይዝና ወደምንፈልገው ቦታ ያደርሰዋል። ሰንሰለት ግን ውሃን አይይዝም፤ ውሃ ብረት ላይ ተለጥፎ የመውረድ ጠባይ ስላለው በዚያ ጠባይ ብቻ ይጠቀማል። ቡና ሲቀዳ ከጀበናው አፍ ያመለጠች ጠብታ ወደ ስኒው በመግባት ፈንታ በጀበናው አንገት ተለጥፋ እስከ ሆዱ ስትወርድ አይተው ያውቃሉ። ቡናው በቀስታ ሲቀዳ ይለጠፋል፤ ጀበናው ዘንበል ብሎ በኃይል ሲለቀቅ ግን ዘሎ ይወጣል። የሰንሰለትም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጥቂት ውሃ ሲመጣ ይታዘዝለታል፣ ብዙ ሲመጣ ጥሎት ይሄዳል።

ነገሩ የመጣው ከጃፓን ነው። እነርሱ ኩሳሪ ዶይ ይሉታል፤ የሰንሰለት አሸንዳ እንደማለት ነው። በቤተ መቅደሶችና በሻይ ሥነ ሥርዓት ቤቶቻቸው ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። «ጃፓን ዝናብ ስለማይበዛ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት፤ ቶኪዮ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። የጥንቱ የጃፓን ቤት የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው በጣም ወጣ ያለ ነው፤ ከክፈፉ ሥር ደግሞ ጠፈጠፉን የሚቀበል የጠጠር መደብ በቤቱ ዙሪያ ተነጥፏል። ስለዚህ ከሰንሰለቱ ያፈነገጠው ውሃም የሚያርፍበት ተዘጋጅቶለታል። ፎቶ ሲነሳ የሚታየው ሰንሰለቱ ነው፤ ጠጠሩና ከሥሩ ያለው ቦይ ግን ከፎቶው ውጭ ይቀራሉ። ወንድምዎ የላኩልዎት ፎቶም እንደዚሁ ይመስለኛል።

የወንድምዎ ቤት ላይ በደንብ መሥራቱን አልጠራጠርም። ሲያትል በዝናብ ስሟ የገነነ ከተማ ብትሆንም የዓመቱ ዝናቧ ከአዲስ አበባ ያነሰ ነው፤ የእርሷ 1,000 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሲሆን የእኛ ከ1,100 ያልፋል። ዋናው ልዩነት ግን አዘናነቡ ላይ ነው። የሲያትሉ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የሚውል ቀጭን ዝናብ ነው። የእኛው ደግሞ ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ይቆይና የቀኑን ዝናብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያወርደዋል፤ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቅልበታል። ሰንሰለት የሚፈተነው በዓመቱ ድምር አይደለም፤ በእነዚያ 10 እና 20 ደቂቃዎች ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። እኔ ለአዲስ አበባ ቤት አሸንዳ ስሠራ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ዶፍን እንደ መነሻ እይዛለሁ፤ ያን ያህል ኃይል ያለው ዝናብ ብዙ ባይቆይም ለጥቂት ደቂቃ ይመጣልና። የእርስዎ 140 ካሬ ሜትር ለአራት ቱቦ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 35 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። ይህ በሰዓት 3,500 ሊትር፣ በደቂቃ ደግሞ 58 ሊትር ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ በየደቂቃው ከአንድ ቀዳዳ ይወርዳል ማለት ነው። ፎቅ ላይ ቆመው ሦስት ጀሪካን ውሃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ሰንሰለት ላይ ሲያፈሱ በዓይነ ኅሊናዎ ይሳሉት። ለ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህ ምንም አይደለም፤ ለሰንሰለት ግን ከአቅም በላይ ነው። የበረንዳዋ 12 ካሬ ሜትር በዚያው ስሌት በደቂቃ 20 ሊትር ብቻ ትሰጣለች፤ አንድ ጀሪካን። እኔ በራሴ ሥራ ከ25 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ጣሪያ በአንድ ሰንሰለት ላይ አላሳርፍም፤ ያንንም የምፈቅደው ከፍታው ከአንድ ፎቅ በታች ሲሆን ነው።

ከፍታው ለብቻው መታየት አለበት። ከላይኛው ጣሪያዎ እስከ መሬት 6 ሜትር ገደማ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ሰንሰለት በረዘመ ቁጥር ውሃው ከብረቱ እየተላቀቀ የመበተን ዕድሉ ይጨምራል፤ ነፋስም ይጫወትበታል። ካፊያ ሲሆን ውሃው ከኩባያ ወደ ኩባያ እየሞላ፣ ከሥር ባለው ቀዳዳ እየሾለከ፣ እንደ ብር ክር ሆኖ ሲወርድ ቁጭ ብሎ የሚያስመለክት ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ዶፉ ሲመጣ ግን አሸንዳው ውስጥ በፍጥነት ሲንደረደር የመጣው ውሃ ቀዳዳው ላይ ደርሶ ቁልቁል አይታጠፍም፤ በመጣበት አቅጣጫ ወደ ፊት ይወረወራል። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ከውሃው ጎን ለብቻው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ውሃው ደግሞ ከእርሱ አንድ ክንድ ርቆ መሬቱን ይደበድባል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ምግብ ቤት የአትክልት ቦታ ሁለት ሰንሰለት ሰቅዬ ነበር። ባለቤቱ በጣም ስለጓጓ፣ እኔም አዲስ ነገር መሞከር ስላማረኝ ሒሳቡን ሳልሠራ ገባሁበት። ግንቦት ላይ የሰቀልነው ለሰኔ ካፊያ ልክ ነበር፤ ደንበኞች ፎቶ ይነሱበት ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተጠርቼ ስሄድ ነጩ ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ጭቃ ተረጭቶበታል፤ ልስኑ ከታች በኩል በጣት ሲነካ እንደ ቆሎ ይረግፋል። ከሰንሰለቱ ሥር ያስቀመጥነው የሸክላ ጋን ሞልቶ የሚተርፈው ውሃ ደግሞ በቀጥታ ወደ ግንቡ መሠረት ይሄድ ነበር። መስከረም ሲጠባ ሁለቱንም አውርጄ፣ ልስኑን በራሴ ወጪ አስጠግኜ፣ ቱቦ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሰንሰለት የምሰቅለው አስቀድሜ ውሃው የሚያርፍበትን ቦታ ከሠራሁ በኋላ ነው።

ትልቁ ጥንቃቄም እዚህ ላይ ነው። የተረጨ ግድግዳ በቀለም ይታደሳል፤ መሠረት ሥር የገባ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ብዙ ሰፈሮች ዋልካ አፈር ላይ የተሠሩ ናቸው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከቤቱ በአንድ ጥግ ያለው አፈር ሲያብጥ ሌላው ጥግ ባለበት ከቀረ መሠረቱ እኩል አይነሳም፤ ከዚያ በመስኮትና በበር ጥግ በኩል ሰያፍ ስንጥቅ ይጀምራል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ሲሚንቶው አንሶ ነው» ብሎ ግንበኛውን ያማል፤ ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ የሚፈሰው የጣሪያ ውሃ ነው። የግቢዎን አፈር ቆፈር አድርገው ይዩት። ጥቁር ሆኖ፣ እርጥቡ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ የሚለጠፍ፣ ደረቁ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ከሆነ ዋልካ ነው፤ እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ውሃ በግድግዳ ሥር ማፍሰስ ቤትዎን በገዛ እጅዎ ማፍረስ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የሠሩ ሰዎች ከአለት የተፈለፈለ ሕንፃ እንኳ የውሃ መውረጃ እንደሚያስፈልገው ዐውቀው ቦዩን አብረው ቆርጠውለታል፤ ቦዮቹ ለዘመናት በአፈር ተደፍነው በመቆየታቸው የደረሰውን ጉዳት ዛሬም የሚጠግኑት ይናገራሉ። የእኛ ብሎኬት ከአለት አይጠነክርም።

አሁን ወደ በረንዳዋ እንምጣ፤ እርሷ ላይ ሰንሰለቱ ያምርብዎታል። ክዳኗ ትንሽ ናት፣ ከፍታዋ 3 ሜትር አይሞላም፣ ውሃዋ አሁንም ዝም ብሎ እየፈሰሰ ስለሆነ ሰንሰለት ያሻሽለዋል እንጂ አያባብሰውም። ሥራውን ከታች ወደ ላይ ይጀምሩት። ሰንሰለቱ የሚወርድበት ነጥብ ከግድግዳውም ከደረጃውም ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ያንን ርቀት ካላገኙ ሐሳቡን ይተዉት። እዚያ ነጥብ ላይ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ይቆፈር፤ ወለሉና ጎኑ በሲሚንቶ ይለሰን። ከታች በኩል 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ተገጥሞ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር እያዘቀዘቀ ወደ ግቢው የጎርፍ መውረጃ ይሂድ። የቱቦው አፍ በሽቦ ወንፊት ይሸፈንና ጉድጓዱ በወንዝ ድንጋይና በድቡልቡል ጠጠር ይሞላ። ጠጠሩ ለውበት ብቻ አይደለም፤ የሚወድቀውን ውሃ ኃይል የሚሰብረው እርሱ ነው። ከላይ ጋን ወይም የድንጋይ ገንዳ ማስቀመጥ ከፈለጉ ያስቀምጡ፤ ሞልቶ የሚተርፈው ውሃ ጠጠሩ ውስጥ መውረዱን ግን ያረጋግጡ። ገንዳው ውስጥ የሚቀር ውሃ ደግሞ ትንኝ ስለሚያራባ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ አይደረግም። ጉድጓዱ ሳይለሰን «መሬቱ ይምጠጠው» ተብሎ ዋልካ ላይ አይተውም፤ ዋልካ ከጠጣ በኋላ አይመጥም፣ ያብጣል እንጂ። እንዲሁም ቱቦው ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መስመር ወይም ከሴፕቲክ ታንክ ጋር አይገናኝም። ብዙ ግንበኛ «ቅርብ ያለው እርሱ ነው» ብሎ ያገናኛል፤ ክረምት ላይ ማንሆል እየገነፈለ መንገድ ላይ የሚፈስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሴፕቲክ ታንክዎም ቢሆን አንድ ሌሊት በጣለ ዝናብ ሞልቶ ወደ ቤት ሊመለስብዎት ይችላል።

አሰቃቀሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ አገር አሸንዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከባለ 28 ጌጅ ላሜራ ነው፤ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በውሃና በበረዶ የከበደ ሰንሰለት ሲንጠለጠልበት ይጎብጣል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ከላሜራው ላይ አይንጠልጠል። ከጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ በቡሎን የታሰረ ብረት በአሸንዳው ቀዳዳ ላይ ይዘርጋና ሰንሰለቱ ከእርሱ ይያዝ። ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ አፉ ሰፊ፣ እግሩ ጠባብ የሆነ አጭር የላሜራ ማስተላለፊያ ይግባ፤ ሲንደረደር የሚመጣውን ውሃ ሰብስቦ ሰንሰለቱ መሐል ላይ የሚያወርደው እርሱ ነው። ይህ ቁራጭ የሌለው ሰንሰለት ግማሹን ውሃ ሜዳ ላይ ይበትናል፤ ቆርቆሮ ሠሪ በአንድ ሰዓት ይሠራዋል። የሰንሰለቱ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ካለ ከባድ ድንጋይ ጋር በቀለበት ይታሰር፤ ልቅ ከሆነ ነፋስ እያወዛወዘ መስኮትዎን ያስመታዋል። አሸንዳው ራሱ በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀዳዳው ማዘንበሉንም በውሃ ልክ ያስለኩ።

ስለ ዓይነቱ ስንመጣ፣ ከተያያዙ ቀለበቶች ብቻ የተሠራውንና ኩባያ የተደረደረበትን ይለዩ። የቀለበቱ ቀለል ይላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ የሚረጨው ግን ብዙ ነው። የኩባያው ውሃውን በየደረጃው እያሳረፈ ስለሚያወርደው ለእኛ ዝናብ የሚሻለው እርሱ ነው። ቅጠል ኩባያው ሥር ይሰካል፤ ቢሆንም በዓይን ስለሚታይ በእጅ ይነቀላል። የግንበኛዎ የመጎተቻ ሰንሰለት ያው አይደለም። ቀለበቱ ወፍራምና ጥብቅ ስለሆነ ውሃ የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ በጣም ይከብዳል፤ ዚንክ ካልተቀባ ደግሞ በአንድ ክረምት ዝጎ ቡናማ እንባውን ደረጃዎ ላይ ያንጠባጥባል። ያገለገለ ከሆነ የተነከረበት ቅባት አብሮ ይመጣል። አገር ውስጥ ማሠራት ከፈለጉ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሚናለሽ ተራ ያሉት ቀጥቃጮች ናሙና ካዩ ከዚንክ ቅብ ላሜራ 20 ኩባያ ሠርተው በስስ ሰንሰለት ላይ ያሰልፉልዎታል። አንድ ኩባያ ሠርተው ያሳዩዎትና ውሃ አፍስሰውበት ይፈትሹት፤ ከዚያ የቀረውን ይዘዙ።

ወንድምዎ የሚያመጡት መዳብ ከሆነ ሁለት ነገር ላስታውስዎ። መዳብና ዚንክ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ ዚንኩ ይበላል፤ የእርስዎ አሸንዳ ደግሞ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ነው። ስለዚህ መዳቡ ከአሸንዳው ጋር እንዳይነካካ በመካከላቸው ላስቲክ ይግባ፤ መያዣው ብረትም ስቴንለስ ይሁን። ከዚህ የባሰው መዳብ ላይ ያለፈ ውሃ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው። ከላይኛው ጣሪያ በመዳብ ሰንሰለት አውርደው በረንዳዋ ክዳን ላይ ቢያሳርፉት ክዳኗ በዚያ ቦታ ከጊዜ በኋላ ይበሳል። ከበረንዳዋ ወደ ጠጠር ሲወርድ ግን ችግር የለውም፤ ምናልባት ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ እድፍ ይተው ይሆናል። ሁለተኛው ነገር ከኬሚስትሪ ጋር አይገናኝም፤ መዳብ በኪሎ የሚሸጥ ብረት ነው። የውሃ ቆጣሪና የኤሌክትሪክ ገመድ በሚጠፋበት ከተማ ከአጥር ውጭ የሚታይ የመዳብ ሰንሰለት አንድ ሌሊት ተነቅሎ ጠዋት ከቆራሌው ጆንያ ውስጥ ቢገኝ አይገርመኝም። እኔ ብሆን ወንድሜን ስቴንለስ አምጣልኝ ወይም ፎቶና ልኬት ብቻ ላክልኝ እለው ነበር።

ወደ ሮቶው ስንመጣ መልሴ አጭር ነው። ሰንሰለት ውሃ አያጣራም። ኩባያው ጥቂት ቅጠል ይይዝ እንደሆነ ነው እንጂ የወፍ ኩስ፣ የበጋ አቧራ፣ የቆርቆሮ ዝገት ሁሉም አብረው ይወርዳሉ። እንዲያውም ክፍት ስለሆነ በጉዞው ላይ ሌላ አቧራ ይጨምራል፤ ነፋስ ሲኖር ደግሞ ውሃውን ያባክናል፤ የሮቶው ክዳንም ሰንሰለቱን ለመቀበል ክፍት ሲቀር ትንኝ ይገባበታል። ውሃ ማጠራቀም ከፈለጉ ከኋላ ካሉት ጤነኛ ቱቦዎች አንዱን ወደ ሮቶው ያዙሩት። 35 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቀን 350 ሊትር ይሰጣል፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ እንዲህ ባሉ ስድስት ዝናቦች ይሞላል። ከበጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ስለሚወርድ አይጠራቀም፤ ከዚያ በኋላም በየዝናቡ መጀመሪያ በካሬ ሜትር 1 ሊትር ያህል ወደ ውጭ እንዲፈስ መቀየሪያ ይሠራለት። ለልብስ፣ ለመጸዳጃና ለአትክልት ይጠቀሙበት፤ ለመጠጥ ከሆነ ግን ሳይጣራና ሳይፈላ አይጠጣ።

በጥያቄዎ ውስጥ ከሰንሰለቱ በላይ ያሳሰበኝ ግን የተሰነጠቁት ሁለቱ ቱቦዎች ናቸው። ቱቦ ዝም ብሎ አይሰነጠቅም። የፊት ለፊቱ ወገን ፀሐይ የሚበዛበት ይመስለኛል፤ ተራ የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰባበራል። ሌላው ምክንያት ክርኑ ላይ የተወተፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም የወፍ ጎጆ ነው፤ ቱቦው እስከ ላይ በውሃ ይሞላና መጋጠሚያው ይፈነዳል። ሦስተኛም አለ፤ ግድግዳውን ያበላሸው ቱቦው ሳይሆን ሞልቶ ወደ ኋላ የሚፈስ አሸንዳ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ቱቦም ሰንሰለትም ቢቀይሩ እድፉ ይመለሳል። መሰላል አስቆመው ሁለቱንም የአሸንዳ ጫፎች ያስፈትሹ፤ ውሃ የቆመበት ወይም ደለል የተኛበት ቦታ ካለ ማዘንበያው ጠፍቷል ማለት ነው።

አዲሱ ቱቦ ወፈር ያለው ይሁን፤ በየሜትር ተኩሉ በብረት ማቀፊያ ይታሰር፤ ከታች ክርኑ ላይ የሚከፈት መጥረጊያ ክዳን ይኑረው። የቱቦው መልክ ከሆነ ያስጠላዎት፣ ላዩን በአሸዋ ወረቀት አለስልሰው የግድግዳውን ቀለም ያስቀቡት። ከአሥር እርምጃ አይለይም፤ ቀለሙም ከፀሐይ ይጠብቀዋል። የሰንሰለት ፍላጎት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ነጭ ግድግዳ ላይ ከተገተረ ግራጫ ቱቦ ነው፤ ስንቱ ደንበኛ ቱቦው ከተቀባ በኋላ ሰንሰለቱን እንደረሳው እኔ አውቃለሁ።

ይህን ከውጭ የምታነቡ፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ውርጭ ባለበት አገር ሰንሰለቱ ላይ በረዶ እየተጠቀለለ የሰው ቁመት ያለው ዓምድ ይሆናል፤ ክብደቱም አሸንዳውን ነቅሎ ያወርደዋል። ቅዝቃዜው ሳይገባ አውርዳችሁ በቦታው ጊዜያዊ ቱቦ ስቀሉ። የእግር መንገድ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ የሚረጋው በረዶ ሰው ያንሸራትታል።

ለበረንዳዋ ብር ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ወፈር ያለ ገመድ በአሸንዳዋ ቀዳዳ አሳልፈው እስከ መሬት ያውርዱና ጫፉን ድንጋይ ላይ ይሰሩት። ግድግዳው ሥርና ደረጃው ላይ ደረቅ ካርቶን ይዘርጉ። አንድ ሰው መሰላል ላይ ሆኖ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሸንዳው ላይ ያፍስስ፤ ቀዳዳው አጠገብ ሳይሆን ከሩቁ ጫፍ፣ ውሃው ሲንደረደር እንዲመጣ። ከዚያ ካርቶኑን ያንሱና ጠብታው እስከ የት እንደደረሰ ይለኩ። ግድግዳው ሥር ያለው ካርቶን ደረቅ ከሆነ ጉድጓዱን ያስቆፍሩ። ከረጠበ ቀዳዳውን ወደ ውጭ ያርቁና እንደገና ይሞክሩ፤ ሁለተኛም ከረጠበ ለበረንዳዋም ቱቦ ያስገጥሙላት። ሙከራው ግንቦት ሳያልቅ ይደረግ፤ ሰኔ ከገባ ልስን አይደርቅም፣ ቆርቆሮ ሠሪም አይገኝም።